ሳይንስ ያለ ላብራቶሪ፦ 60 ልጅ ባለበት ክላስ በ40 ደቂቃ እንዴት እንደማስተምር

ይሄን የምጽፈው አካባቢ ሳይንስ ለምታስተምሩ መምህራን ነው፣ በተለይ 3ኛና 4ኛ ክፍል ለያዛችሁ፣ ግን ቤት ልጅ የምታስጠኑ እናትና አባቶችም ብትሆኑ አብዛኛው ይሠራላችኋል ምክንያቱም ዕቃው ሁሉ ከኩሽና የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ትነትን ሳስተምር እንደለመድነው "ትነት ማለት ፈሳሽ ነገር ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ነው" ብዬ ሰሌዳ ሞላሁ፣ ልጆቹ ገለበጡ፣ በኅብረት ሦስቴ አሉት፣ ቴስት ላይም አብዛኞቹ በትክክል ጻፉት። በሳምንቱ ከክላስ ስንወጣ አጥሩ ላይ የተሰጣ ልብስ ነበር፣ ጠዋት ሲንጠባጠብ ያየነው ልብስ ደርቋል፣ ከጎኔ የነበረችውን ልጅ "ውሃው የት ሄደ?" አልኳት፣ "ልብሱ ጠጣው" አለችኝ። ቴስቱን 10 ከ10 ያመጣች ልጅ ናት። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ ቃሉን ሰጥቻታለሁ ነገሩን ግን አላሳየኋትም። ከዛ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ልጆቹ ይገምታሉ፣ ቀጥሎ ያያሉ፣ ከዛ ይከራከራሉ፣ ትርጉሙ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው።

ርዕሱን ወደ ጥያቄ ቀይሩት

የመጽሐፉን ርዕስ እንዳለ ይዛችሁ አትግቡ። ርዕሱ ሙቀት አስተላላፊና ኢ-አስተላላፊ ቁሶች ከሆነ ጥያቄው "በረዶን በጋቢ ብንጠቀልለው ቶሎ ይቀልጣል ወይስ ይቆያል?" ይሁን። የዘር ብቅለት ከሆነ "ክክ ቢዘራ ይበቅላል?" በሉ። የአየር ባህርያት ከሆነ "ባዶ ኩባያ ውስጥ ምን አለ?" በሉ። ጥሩ ጥያቄ ልጁ ከራሱ ኑሮ ተነስቶ ሊገምተው የሚችል፣ ክላሱን ቢያንስ ለሁለት የሚከፍል፣ መልሱም በዓይን የሚታይ ነው። ሁሉም የሚያውቁት ከሆነ ሰዓት ማባከን ነው፣ ማንም ሊገምተው የማይችል ከሆነ ደግሞ ልጆቹ የእናንተን ፊት እያዩ መልስ ይፈልጋሉ። እና በአንድ ፔሬድ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሁለት ካረጋችሁት ሁለቱም ግማሽ ሆነው ይቀራሉ።

ዕቃውን ሰብስቡ፣ ማታ ቤት ሞክሩት

እኔ የምይዘው አንድ ፌስታል ነው፦ ተቆርጠው ኩባያ የሆኑ የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ቆርኪ፣ ሶፍት፣ ፊኛ፣ ክር፣ ከተበላሸ የሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ አንድ እፍኝ ባቄላና አደንጓሬ፣ በቃ። ጠርሙሱን ልጆቹ እንዲያመጡ አርብ ብትነግሯቸው ሰኞ ከሚበቃችሁ በላይ ይመጣል። ስትቆርጡት ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፉበት።

ማታ ቤት ሳትሞክሩ ክላስ ይዛችሁ አትግቡ፣ ይሄን በጣም ነው የማሳስበው። መጽሐፍ ላይ ቀላል የሚመስል ነገር ስታደርጉት ውሃው ይፈሳል፣ ፊኛው ይሾልካል፣ ወይ ደግሞ ያሰባችሁትን ሰዓት እጥፍ ይወስዳል። ቤት ስትሞክሩት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ፣ ክላስ ውስጥ ከዛ በላይ እንጂ በታች አይፈጅም።

40 ደቂቃውን እንዴት እንደምከፍለው

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ጥያቄው ነው። ዕቃውን ከፍ አርጌ አሳያለሁ፣ ምን እንደማደርግ እናገራለሁ፣ ግን አላደርገውም። ቀጥሎ ግምት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እጅ አውጡ ካላችሁ ሁሉም ልጅ ጎበዙ ተማሪ ወዳወጣበት ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ዓይናችሁን ጨፍኑ እላቸውና 1ኛውን መልስ የሚል አንድ ጣት፣ 2ኛውን የሚል ሁለት ጣት ደረቱ ላይ ያደርጋል። ቆጥሬ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ 38 ለ 22 ምናምን። ከዛ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ "እኔ የምለው... ምክንያቱም..." ብለው በአንድ መስመር ይጽፋሉ። መጻፋቸው ግዴታ ነው፣ ያልጻፈ ልጅ በኋላ "እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት" ይልና ምንም ሳይማር ይወጣል።

ከዛ 15 ደቂቃ ሥራው። 60 ልጅ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቆምም፣ ስለዚህ 8 ግሩፕ አርጌ ለእያንዳንዱ ግሩፕ አንድ ዕቃ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ተናጋሪ እመድባለሁ፣ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፣ አለበለዚያ ዕቃውን ሁልጊዜ ጉልበተኛው ነው የሚይዘው፣ ሴቶቹ ደግሞ ሁልጊዜ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ። ዕቃ ካልበቃ ፊት ለፊት እሠራለሁ፣ ግን የሚሠሩት እጆች የልጆቹ ናቸው፣ እኔ ከኋላ ነው የምቆመው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ገደማ ንግግር፣ የተሳሳተ የገመተ ልጅ መጀመሪያ ይናገራል፣ ምን እንዳሰበና ምን እንዳየ። መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ ቃሉን እሰጣለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ።

አሁን አንዱን በደንብ ላሳያችሁ።

በረዶውና ጋቢው

በሁለት ትንንሽ ፌስታል እኩል ውሃ ለክታችሁ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፣ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ቤታችሁ ፍሪጅ ከሌለ ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ ብትጠይቁ እምቢ አይላችሁም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወስዱት በጋቢ ወይ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ነው፣ ግን በምን ጠቅልላችሁ እንዳመጣችሁት ለልጆቹ አትንገሩ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ክላስ ውስጥ ሁለቱን በረዶ አሳዩ፣ ይንኩት፣ እኩል መሆኑን እነሱ ያረጋግጡ። ጋቢውን አሳዩ። "ጋቢ ስትለብሱ ምን ይሰማችኋል?" በሉ፣ "ይሞቃል!" ይላሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እዚህ ጋ ጠይቁ፦ አንዱን ሰሃን ላይ እንዲሁ ላስቀምጠው ነው፣ አንዱን በጋቢ ልጠቀልለው ነው፣ የትኛው ቶሎ ይቀልጣል? እኔ ባደረግኩበት ጊዜ ሁሉ ከክላሱ አብዛኛው "የተጠቀለለው" ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ጋቢ ይሞቃላ። ይጻፉት። ከዛ ጠቅልሉና ተዉት፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል፣ ይሄ ለሥራው ከመደብኩት 15 ደቂቃ ስለሚበልጥ ከእረፍት በፊት አስቀምጣችሁ ከእረፍት በኋላ ክፈቱት፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ስትከፍቱት በዓይን ግምት ብቻ አትለፉት። ከየፌስታሉ የቀለጠውን ውሃ በሁለት አንድ ዓይነት የሃይላንድ ኩባያ ገልብጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ሰሃን ላይ የነበረው ብዙ ውሃ ሰጥቷል፣ ጋቢው ውስጥ የነበረው ትንሽ። ክላሱ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። አንድ ዓመት ላይ አንድ ልጅ ተነስቶ በጣም ተናዶ "ታዲያ እኔ ጋቢ ስለብስ ለምንድነው የሚሞቀኝ?" አለ፣ እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር አንዷ "ሙቀቱ እኮ የራስህ ነው!" አለችው። ዝም አልኩ። ከዛ በላይ ማብራሪያ አላውቅም። ጋቢ ሙቀት አይሠራም፣ ሙቀት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዳይሄድ ነው የሚያዘገየው፣ ከሰውነት ወደ ውጭ ቢሆን ከውጭ ወደ በረዶው ቢሆን ለጋቢው ያው ነው። ለምን እንደዛ እንደሚያደርግ ከፈለጉ ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርጉላቸው፣ በክሮቹ መሃል ቀዳዳ አለ፣ እዛ ውስጥ የተያዘው አየር ነው ዋናውን ሥራ የሚሠራው። አሁን በረዶውን ከቤት በምን ጠቅልላችሁ እንዳመጣችሁት ንገሯቸው። ሙቀት አስተላላፊና ኢ-አስተላላፊ የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ብትጽፉት ልጁ የሚሰቅልበት ቦታ አለው።

ትነት በ5 ደቂቃ

ሰሌዳው ላይ ሁለት ልጆች እጃቸውን ውሃ ነክረው መዳፋቸውን ያትማሉ። አንዱን መዳፍ በደብተር ያራግቡታል፣ አንዱ እንዲሁ ይተዋል። የትኛው ቀድሞ ይጠፋል? ከዛ ዋናው ጥያቄ፣ የት ሄደ? "ሰሌዳው ጠጣው" የሚል ልጅ ካለ (ይኖራል) ያንኑ በብርጭቆ ወይ በመስኮት መስታወት ላይ አድርጉት፣ መስታወት አይጠጣም። ዝናባማ ቀን ላይ ብታደርጉት ይዘገያል፣ እሱም ሌላ ቀን የሚጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ባዶ ኩባያ

ብርጭቆ ውሰዱ፣ ታችኛው ላይ ሶፍት ጠቅጥቃችሁ እንዳይወድቅ አርጉ፣ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አፉን ቁልቁል ደፍታችሁ ቀጥ አርጋችሁ አስገቡት። ሶፍቱ ይረጥባል? አውጥታችሁ አስነኩ፣ ደረቅ ነው። ከዛ እንደገና አስገቡና ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ያያሉ፣ አሁን ሶፍቱ ረጠበ። ቀጥ አርጋችሁ ካላስገባችሁት አይሠራም፣ ለዛ ነው ማታ ሞክሩ ያልኩት።

ዘር፣ ከእናቶቻችን ኩሽና

በቆልት የማያውቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም፣ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ደግሞ ብቅል ሲሠራ አይቷል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይሸፈናል፣ ጨለማ ውስጥ አፈር ሳይነካ ይበቅላል። ክላስ ውስጥ "ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?" ስትሉ ግን ያ ሁሉ ይረሳና "አፈር፣ ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃን" ይላሉ። ቤት ያዩትንና ክላስ የሚሉትን ማገናኘት የእኛ ሥራ ነው።

አምስት የሃይላንድ ኩባያ አዘጋጁ፣ ሁሉም ውስጥ ውስጡን ዙሪያ እርጥብ ሶፍት አርጉ፣ ዘሩን በሶፍቱና በፕላስቲኩ መሃል ሰካ አርጉት ከውጭ እንዲታይ። በመጀመሪያው ውስጥ አንድ ሌሊት የተዘፈዘፈ ጥሬ ባቄላ፣ በሁለተኛው የተቆላ፣ በሦስተኛው የተቀቀለ፣ በአራተኛው ክክ፣ አምስተኛው ውስጥ እንደ መጀመሪያው ጥሬ ሆኖ ቁምሳጥን ውስጥ ጨለማ ላይ የሚቀመጥ። እያንዳንዱ ልጅ ለአምስቱም "ይበቅላል፣ አይበቅልም" ብሎ ይጽፋል። በየቀኑ ሶፍቱን አርጥቡ እንጂ ውሃ አታጥለቅልቁ፣ ከታፈነ ይሸታል። ደጋ ላይ ከሆናችሁ ሥሩ እስኪታይ ጥቂት ቀን ታገሡ።

ቆሎውና ንፍሮው ይሻግታሉ፣ እሳት ገድሏቸዋል፣ ከዚህ ተነስቶ ዘር ደርቆም ቢሆን ሕያው ነገር መሆኑን ያያሉ። ክኩ ለምን እንዳልበቀለ ለማየት የተዘፈዘፈ ባቄላ ልጣጩን አውልቀው ለሁለት ይክፈሉት፣ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጽንስ ያገኟታል፣ ዘር ሲከካ እሷ ትጎዳለች ወይ ትወድቃለች። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት የጨለማው ላይ ነው፣ አይበቅልም ይላሉ፣ እሱ ግን ይበቅላል፣ ቀናት ሲያልፉ እንዲያውም ከብርሃኑ ይረዝምና ገርጥቶ ቢጫ ይሆናል። ለመብቀል ብርሃን እንዳላስፈለገው፣ አረንጓዴ ለመሆንና ምግቡን ለመሥራት ግን እንደሚያስፈልገው ሁለቱን ነገር የሚለዩት እዚህ ነው። ሥሩ ከወጣ በኋላ አንዱን ኩባያ ጎኑን አስተኙት፣ ሥሩ በቀናት ውስጥ ታጥፎ ወደ መሬት ይዞራል። አደንጓሬም ጨምሩ፣ አደንጓሬ የዘሩን ሁለት ክፍል ይዞ ከአፈር በላይ ይወጣል፣ ባቄላ ግን እታች ትቶት ነው የሚወጣው፣ ጎን ለጎን ሲያዩት በጣም ይገርማቸዋል።

የዓመቱ ሥራ፣ ዱላና ጥላ

ይሄኛውን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ ወጪውም አንድ ዱላ ነው። 1 ሜትር ከመሬት በላይ የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ ግቢው ውስጥ ትከሉ፣ በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። በሳምንት አንድ ቀን ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ለኩ፣ አዲስ አበባ ላይ እሱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው መሃል ነው፣ እንደ ወሩ ይለያያል። ጫፉ ላይ ችካል ምቱ፣ ርዝመቱንና ወዴት እንደዞረ ጻፉ። የጠዋት ፈረቃ ከሆናችሁ ልክ ልጆቹ ወደ ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ስለሆነ 5 ልጅ በተራ ይቆያል።

አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 12 ገደማ ጥላው 63 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ከጥር ጀምሮ እያጠረ ይመጣና ሚያዝያ 6 ገደማ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ልጆቹ የራሳቸውን ጥላ እግራቸው ሥር ይፈልጋሉ። ከዛ በኋላ ወደ ደቡብ ዞሮ ይወጣል፣ ሰኔ 14 ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንኳ የቀትር ጥላ በሰኔ ወደ ደቡብ እንደሚሄድ አያውቁም። ባሕር ዳርና ጎንደር ከሆናችሁ ጥላው የሚጠፋው ከሳምንት እስከ 10 ቀን ዘግይቶ ነው። ከውጭ አገር የተገለበጠ ሥዕል ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ብቻ ትሄዳለች፣ የእኛ ልጆች ግን የራሳቸውን ሰማይ በራሳቸው ለክተው ያውቃሉ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ፀሐይዋን በዓይን ማየት ክልክል ነው በሏቸው፣ መሬቱን ነው የምናየው።

መጽሐፉና ቴርሞሜትሩ ሲጣሉ

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብላችሁ አስተምራችሁ ትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ካለውና አዲስ አበባ ላይ ብትለኩ 92 አካባቢ ላይ ይቆማል። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። 100 የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍ ሲባል የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ለዛ ነው ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለው። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ ያልፋል። የለካችሁትን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ከመጽሐፉ ጋር ለማስማማት ብላችሁ አትቀይሩት፣ ልጁ ቁጥር ሲቀየር ካየ ሌላ ጊዜ እሱም ይቀይራል።

ሙከራው እምቢ ሲል፣ ወይ የማታውቁት ሲጠየቅ

ይከሰታል። ፊኛው አልተነፋም እንበል፣ የዳቦ እርሾ በለብ ያለ ውሃና ስኳር ጠርሙስ ውስጥ አርጋችሁ ፊኛ አፉ ላይ ስታስሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀና ማለት አለበት። ካልሆነ "ምን ያበላሸው ይመስላችኋል?" በሉ፣ ውሃው በጣም ሞቆ ነው፣ ፊኛው ሾልኮ ነው፣ እርሾው አርጅቶ ነው ይላሉ፣ አንድ በአንድ እየቀየራችሁ ነገ ድገሙት። ሁሉንም በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደነበር አታውቁም፣ ይሄን ራሱን ልጆቹ ይማሩት። የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የሰሌዳው ጥግ ላይ ከነጠያቂው ስም ጻፉት፣ አርብ ድረስ አጣሩና ተመለሱበት። "ዝም በል፣ እሱ ላይ አልደረስንም" ያላችሁት ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ጥንቃቄው አጭር ነው። ሙከራ ውስጥ የገባ ነገር አይቀመስም። እሳትና የፈላ ውሃ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከሰበራችሁ ልጆቹን አስወጡ፣ በእጅ እንዳይነኩት። ዓሣና ነፍሳት ለማየት ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይ የቆመ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከዳር ሆናችሁ በጣሳ ቅዱ።

ቴስት ስታወጡ

አሠራራችሁን ቀይራችሁ ቴስቱን ካልቀየራችሁ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ወደ ሽምደዳ ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም ማርክ የሚያመጣው እሱ ነው። "ትነት ማለት ምን ማለት ነው?" የሚለውን አንድ ማርክ ስጡት፣ ከሱ ጎን "እናትህ በርበሬ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ ጠዋት ከባድ የነበረው ሰፌድ ከሰዓት ቀለለ፣ ለምን?" ብላችሁ ሦስት ስጡ። እኔ ደብተርም አርማለሁ፣ ግምቱ የተሳሳተ ልጅ ማርክ አይቀነስበትም፣ የሚቀነስበት ግምቱን ያልጻፈ ወይ ውጤቱን ካየ በኋላ ሰርዞ የቀየረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ብዙዎቹ ይሰርዛሉ፣ ላጲስ ከለከልኳቸው፣ በእስክሪፕቶ ብቻ። ኅዳር ላይ ስንደርስ አንዷ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ፣ "ቲቸር፣ እዚ ጋ ተሳስቻለሁ፣ እዚ ጋ ደሞ ለምን እንደተሳሳትኩ ጽፌያለሁ" ትላለች፣ የጻፈችው በቀይ እስክሪፕቶ ነበር።